ትልቁ ካሜራና ትንሹ ልዑል

ሚያዝያ በመጣ ቁጥር አንድ ፎቶ በየገጹ ይዞራል። የሰባት ዓመት ልጅ ነው። አንገቱ ላይ ጌጥ አለ፣ ፊቱ ላይ ፈገግታ የለም። ከሥሩ «የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል አለማየሁ» ተብሎ ይጻፍና አስተያየቱ ይከተላል። ግማሹ ያዝናል፣ ግማሹ እንግሊዝን ይረግማል፣ ሌላው አፅሙ መቼ ነው የሚመለሰው ብሎ ይጠይቃል። ፎቶውን ማን አነሳው? በምን ዓይነት ካሜራ? ልጁ ያን ያህል ዝም ብሎ የተቀመጠው ለምንድን ነው? ይህን የሚጠይቅ ግን ብዙም አይገኝም።

ነገሩ መጠየቅ ያለበት ነው። በዚያ ዘመን ፎቶ ማንሳት እንደ ዛሬው ስልክ አውጥቶ ጠቅ ማድረግ አልነበረም። ከአንድ ምስል ጀርባ የከሰል ቤት፣ የዶሮ ቤት፣ የብር ውህድ፣ የእንቁላል ነጭ፣ የጠቆረ እጅና ብዙ የተበላሸ መስታወት ነበረ። በዚህ ፎቶ ላይ ደግሞ ከዚያ ሁሉ በተጨማሪ አንድ ጦርነት አለ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካሜራውን የያዙት ሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ይባላሉ። በ1815 ካልካታ ተወለዱ። ባለቤታቸው ቻርልስ ሄይ ካሜሮን በሕንድ የእንግሊዝ አስተዳደር ትልቅ የሕግ ሰው ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ ሄደ፣ በ1860 ደግሞ በደቡብ እንግሊዝ በምትገኘው ዋይት ደሴት፣ ፍሬሽዋተር በምትባል መንደር ቤት ገዝቶ ሰፈረ። ጎረቤታቸው ገጣሚው አልፍሬድ ቴኒሰን ነበሩ። ባልየው ግን የቡና እርሻቸውን ለማየት ወደ ሴሎን፣ ወደ ዛሬዋ ስሪ ላንካ፣ ይመላለሱ ነበር። ልጆች አድገዋል፣ ቤቱ ጭር ብሏል።

በ1863 ማብቂያ ላይ ሴት ልጃቸውና አማቻቸው ለብቸኝነትዎ መጽናኛ ይሁን ብለው አንድ ካሜራ በስጦታ አመጡላቸው። ካሜሮን ያን ጊዜ 48 ዓመታቸው ነበር። ሙያውን ያስተማራቸው ጌታ አልነበረም። ካሜራውን የት እንደሚያቆሙ፣ ሰውን የት እንደሚያስቀምጡ፣ ሌንሱን እንዴት እንደሚያጠሩ አያውቁም ነበር። ይህን በኋላ በ1874 በጻፉት ማስታወሻ ራሳቸው በግልጽ አምነዋል። የከሰል ማስቀመጫውን ጨለማ ክፍል አደረጉት። በመስታወት የተሠራውን የዶሮ ቤት ደግሞ ዶሮዎቹን አስወጥተው ስቱዲዮ አደረጉት። ዶሮዎቹ ታርደው እንዳልተበሉ፣ ነጻ እንደተለቀቁ ማስታወሻቸው ላይ ሳይጠቅሱ አላለፉም።

የመጀመሪያው ፎቶ የአንድ የአካባቢው ገበሬ ምስል ነበር። ሰውየውን ከፍለው አስቀመጡት፣ ደክመው አነሱት፣ ከዚያም ገና እርጥብ የሆነውን የመስታወቱን ፊት በእጃቸው ዳበሱትና ምስሉ ጠፋ። ፎቶ ያጠበ ሰው ሁሉ ይህን ስሕተት ሲሰማ ሆዱ ይባባል። ጥር 1864 ላይ አኒ የምትባል ትንሽ ልጅ አንስተው ሲሳካላቸው ግን ደስታቸው ወሰን አጣ። ቤቱን ሁሉ እየዞሩ ለልጅቷ የሚሰጥ ስጦታ ፈለጉ፣ ፎቶውን የፈጠረችው እርሷ ናት ያሉ ይመስል። ከሥሩም የመጀመሪያ ስኬቴ ብለው ጻፉበት።

እዚህ ላይ ስለ መሣሪያው ማወቅ ያስፈልጋል፣ ያለዚያ የልዑሉ ፎቶ አይገባም። የካሜሮን የመጀመሪያ ካሜራ የሚያነሳው ወደ 28 በ23 ሳንቲ ሜትር በሚሆን መስታወት ላይ ነው። በ1866 ደግሞ 38 በ30 ሳንቲ ሜትር መስታወት የሚቀበል ካሜራ ገዙ። ለማነጻጸር ያህል፣ በፎቶ ቤቶች ለዓመታት የኖረው ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንዱ ክፈፍ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነው። የካሜሮን ሁለተኛ ካሜራ መስታወት በስፋት ከዚያ 130 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ያን ያህል የገዘፈበት ምክንያት ለታይታ አይደለም። ምስሉን ከፊልሙ ወደ ወረቀት ሲያሳርፉ ማጉላት ያን ጊዜ የተለመደ አልነበረም። መስታወቱ በወረቀቱ ላይ ተኝቶ፣ ፀሐይ እየመታው፣ ልክ በራሱ መጠን ይታተማል። ትልቅ ፎቶ የሚፈልግ ሰው ትልቅ ካሜራ መሸከም ነበረበት።

የአሠራሩ ስም እርጥብ ኮሎዲዮን ነው። ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር የተባሉ እንግሊዛዊ በ1851 ይፋ አደረጉት፣ የባለቤትነት መብት ሳያስመዘግቡም ለሁሉ ተዉት። ብዙ ሰው በርሱ ሀብታም ሲሆን እርሳቸው በ1857 ድሃ እንደሆኑ ሞቱ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መስታወቱ እስኪያንጸባርቅ ይጠረጋል። በኤተርና በአልኮል የተሟሟ፣ እንደ ማር የሚዝለገለግ ፈሳሽ ይፈስበትና ሰሌዳው ወዲያና ወዲህ እየተዘነበለ እኩል ይለብሳል። ከዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ በሲልቨር ናይትሬት ገንዳ ይነከራል። አሁን ብርሃን ይሰማዋል። ሳይደርቅ ካሜራ ውስጥ ገብቶ፣ ብርሃን ወስዶ፣ ወደ ጨለማው ተመልሶ መታጠብ አለበት። ይህ ሁሉ በሩብ ሰዓት አካባቢ ማለቅ አለበት፤ ከደረቀ ዋጋ የለውም። ታጥቦ ምስሉ ሲወጣ ያልተነካው ብር በሃይፖ ይወገዳል። ሃይፖ ምስልን ማጽኛ እንደሚሆን ያሳዩት ደግሞ የካሜሮን የረጅም ዘመን ወዳጅ፣ የከዋክብት ተመራማሪው ጆን ኸርሸል ነበሩ። ወረቀቱ የእንቁላል ነጭ ይቀባል። ሲልቨር ናይትሬት የነካው ቆዳ ይጠቁራል፣ በሳሙናም አይለቅም። የካሜሮን እጅና ልብስ ሁልጊዜ እንደጠቆረ የሚያውቋቸው ሁሉ የመሰከሩት ነው።

ዛሬም በዓለም ዙሪያ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደዚህ ዓይነት ካሜራ እየተመለሱ ነው። አብዛኞቹ የሚጀምሩት 10 በ12 ሳንቲ ሜትር በሚጠጋ የፊልም ቅጠል በሚሠራ አሮጌ ካሜራ ነው፤ ለምሳሌ ከ1912 ጀምሮ ለ60 ዓመት ያህል በተመረተው፣ የአሜሪካ ጋዜጠኞች ትከሻ ላይ በኖረው ስፒድ ግራፊክ። ጀማሪው የሚገጥመው ነገር ከካሜሮን ብዙም አይለይም። አሮጌውን ካሜራ እንደገዛ መጀመሪያ የሚያደርገው ጨለማ ክፍል ገብቶ በወናፉ ውስጥ ባትሪ ማብራት ነው፤ እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚታጠፈው ቆዳ በማዕዘኖቹ ተበሳስቶ ከሆነ ብርሃኑ እንደ ከዋክብት ብቅ ብቅ ይላል። ለዓመታት ያልተነካ ሻተር ይዝላል፣ አንድ ሰከንድ ሲሉት ሁለት ሰከንድ ይቆያል። ፊልሙ በጭፍን ጨለማ፣ በእጅ ዳሰሳ ብቻ፣ ጫፉ ላይ ባለው ስንጥቅ ፊቱ ታውቆ መያዣው ውስጥ ይገባል። አንድ መያዣ የሚይዘው ሁለት ፊልም ነው። የመያዣው ክዳን እጀታ አንድ ወገኑ ነጭ፣ ሌላው ጥቁር ነው፤ የትኛው ፊልም ብርሃን እንደወሰደ የሚታወቀው በዚያ ነው። ጀማሪ ይህን ይረሳና ሁለት ሰው በአንድ ፊልም ላይ ያነሳል። ወይም ሌንሱን ሳይዘጋ ክዳኑን ይስባል፣ ፊልሙም ሙሉ በሙሉ ይበላሻል። ሁሉም የሚያልፍበት ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ጥቁሩ ጨርቅ ነው። ፎቶ አንሺው ጨርቁን ተከናንቦ ከካሜራው ጀርባ ያለውን ፍዝ መስታወት ሲያይ ዓለም ተዘቅዝቃ ትታያለች። የሰውየው ራስ ከታች፣ እግሩ ከላይ፤ ቀኙ በግራ፣ ግራው በቀኝ። ሌንስ ያለ ምንም አጋዥ የሚያሳየው እንዲህ ነው። ጀማሪው ለጥቂት ቀናት ይጨነቃል፣ ከዚያ ዓይኑ ይለምዳል። እንዲያውም ሰውን ተዘቅዝቆ ማየት ከፊቱ ይልቅ የጥላውንና የብርሃኑን አቀማመጥ እንዲያስተውል ያስገድደዋል።

ካሜሮን በጀመሩ በሁለት ዓመት ውስጥ ሥራቸው ለንደን ደረሰ። በ1865 የሳውዝ ኬንሲንግተን ሙዚየም፣ ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት የሚባለው፣ ፎቶዎቻቸውን ገዛ። የሙያው መጽሔቶች ግን ተሳለቁባቸው። ደብዛዛ ነው፣ የጣት አሻራ አለበት፣ ኮሎዲዮኑ ተልጧል፣ ጭረት አለው አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አለ። ሴትዮዋ ግን ሌንሱን እያዞሩ ዓይናቸውን ደስ ያለው ቦታ ላይ ሲደርሱ ያቆማሉ እንጂ ጠርዙ ሁሉ እስኪጠራ አይጠብቁም ነበር። ዛሬ የተሳለቁት ሰዎች ስም አይታወስም።

በዚህ መሀል ወደ ኢትዮጵያ ሌላ ትልቅ ካሜራ እየተጓዘ ነበር።

ካሜራ ኢትዮጵያ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። ቤተ እስራኤልን ወደ ክርስትና ለመለወጥ የመጣው ሚሲዮናዊ ሄንሪ ስተርን ካሜራ ይዘው ከገቡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ነው። (ይኸው ስተርን በ1862 ባሳተመው መጽሐፍ የንጉሠ ነገሥቱን እናት ኮሶ ሻጭ ናቸው ብሎ መጻፉ አፄ ቴዎድሮስን ካስቆጧቸው ነገሮች አንዱ ሆነ፤ እስሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።) የ1868ቱ ግን የተለየ ነው። በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራው ጦር 13,000 ያህል ወታደር፣ ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የጭነት ከብቶች ይዞ ከዙላ ወደ መቅደላ ሲወጣ፣ ከጓዙ መካከል የመሐንዲሶች ክፍሉ የፎቶ ቡድን ነበረ። መሪው ሳጅን ጆን ሃሮልድ ይባል ነበር። ዋና ሥራቸው የጥበብ አልነበረም። መኮንኖች የሚነድፉትን ካርታ በፎቶ ማባዛት ነበር። በትርፍ ጊዜ ግን ሸለቆውን፣ ሰፈሩን፣ የተለቀቁትን አውሮፓውያን እስረኞች፣ መቅደላን አነሱ። እርጥብ ኮሎዲዮንን በዚያ ሙቀት፣ በዚያ አቧራ፣ ኤተሩ እየተነነ፣ መስታወቱ በበቅሎ ጀርባ እየተንገጫገጨ መሥራት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 13 ቀን 1868፣ መቅደላ ላይ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። በሕይወት ሳሉ የተነሱት የሚታወቅ ፎቶ የለም። ያለው ከሞቱ በኋላ መኮንኖቹ በእርሳስ የነደፉት የፊታቸው ምስል ነው። የዘመኑ ኃያል ካሜራ ደጃቸው ድረስ መጥቶ እርሳቸውን ሕያው ሆነው አላገኛቸውም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። ምሽጉ ተቃጠለ፣ ቤተ ክርስቲያኑና ግምጃ ቤቱ ተዘረፈ፣ ዘረፋው በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወርዶ በጨረታ ተሸጠ። እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከልጃቸው ጋር ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ ታመሙ፣ ግንቦት አጋማሽ፣ ሜይ 15፣ በትግራይ ሞቱ። አለማየሁ ኤፕሪል 23 ቀን 1861 የተወለደ ነበር። አባቱ በሞቱ በአንድ ወር እናቱንም አጣ። ልጁን የተረከበው ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ነው። ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ፣ ጢሙ ቀይ፣ ቀደም ሲል በቴዎድሮስ ቤት ያገለገለና አማርኛ የሚናገር መኮንን ነበር። ኢትዮጵያውያን ባሻ ፈለቀ ይሉት ነበር። አጃቢ ሆነው አብረው የወጡት ኢትዮጵያውያን በመንገድ ላይ እየቀሩ ሄዱ፣ ልጁ በስፒዲ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ሌሊት ብቻውን መተኛት ይፈራ ነበር።

ጁላይ 14 ፕሊመዝ ወደብ ደረሱ። ንግሥት ቪክቶሪያ በበጋ የሚቀመጡበት የኦዝቦርን ቤተ መንግሥት ዋይት ደሴት ላይ ስለነበር ልጁ ወደዚያ ተወሰደ። ንግሥቲቱ በማስታወሻቸው ስለ ዓይኑና ስለ ቁመናው ጽፈዋል፣ ወደዱት። ያው ደሴት የካሜሮን ደሴት ነበር። እናም በዚያው ጁላይ፣ እናቱ ከሞቱ ሁለት ወር ከምናምን ቀን ብቻ ሲሆነው፣ አለማየሁ ፍሬሽዋተር ከካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀመጠ።

ካሜሮን ብርሃን ለማስገባት የሚወስዱት ጊዜ ከሦስት እስከ ሰባት ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነበር። በዚህ ጊዜ ሁሉ ተነሺው መንቀሳቀስ የለበትም። የሰባት ዓመት ልጅ ያለው ሰው ይህን ለመፈተን ሰዓት ይዞ ይሞክረው። ሰዎች በዚያ ፎቶ ላይ የሚያዩት ሐዘን ሁሉ ግን ከዚህ የመጣ ነው ብሎ መደምደም ስንፍና ነው። ካሜሮን ያነሷቸው የእንግሊዝ ሕፃናትም አይስቁም፤ ለሦስት ደቂቃ ፈገግታ የሚይዝ ፊት የለም። ይህ ሐቅ ለሁለቱም ወገን ይሠራል። «ልጁ ሲያለቅስ ነው ያነሱት» የሚለውም፣ «ደስተኛ ነበር እኮ፣ ንግሥቲቱ ይወዱት ነበር» የሚለውም ማስረጃውን ከፎቶው ማግኘት አይችልም። ማስረጃው ያለው ከፎቶው ውጭ ነው፤ ከሜይ 15 እስከ ጁላይ ባለው የቀን ቁጥር ውስጥ።

ሌላም ስለ ቆዳው ቀለም የሚባል ነገር አለ። እርጥብ ኮሎዲዮን ሁሉንም ቀለም እኩል አያይም። ሰማያዊና ወይን ጠጅ ብርሃን ይሰማዋል፣ ለቢጫና ለቀይ ግን ዕውር ነው። ስለዚህ ሰማያዊ ሰማይ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ቡናማ ወይም ቀይ ዳማ የሆነ ቆዳ ደግሞ ዓይን ከሚያየው በላይ ይጠቁራል። ነጭ ሰው እንኳ ፊቱ ላይ ያለው ጠቃጠቆ እንደ ጭቃ ጎልቶ ይወጣበታል። አለማየሁ በእነዚያ ፎቶዎች ላይ የሚታየው ከእውነተኛ መልኩ ይልቅ ጠቁሮ ነው። ዛሬ በኮምፒዩተር ቀለም ቀብተው «እውነተኛው መልኩ ይኸውና» የሚሉ ገጾች ይህን አያውቁም፤ መሣሪያቸው የጨመረው ቀለም ግምት ነው፣ ግምቱም የተሠራው ከተሳሳተ ጥላ ላይ ነው።

ካሜሮን ልጁን ብቻውንም፣ ከስፒዲ ጋርም አንስተውታል። ስፒዲ በእነዚህ ምስሎች ላይ የለበሰው የኢትዮጵያ ልብስ ነው፤ ይህን ለብሶ መነሳት ይወድ ነበር። በዙሪያቸው ጋሻና ጦር ይታያል። ይህ ካሜሮን ከለመዱት ሥራ የወጣ አልነበረም። የጎረቤት ገረዶችን ማርያም፣ የመንደር ልጆችን መላእክት፣ ሽማግሌ ባላቸውን የተረት ጠንቋይ አድርገው የሚያነሱ ሴት ነበሩ። ልዩነቱ የቤት ሠራተኛዋ ማርያም ሆና ስትነሳ ልብሱን አውልቃ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። አለማየሁ የተነሳው ራሱን ሆኖ ነው፣ የሚሄድበት ቤት ግን አልነበረውም።

ከሥራቸው የተጻፈው መግለጫ ግን አንድ ነገር ይመሰክርላቸዋል። ካሜሮን ስሙን «ደጃች አለማየሁ» ብለው በአማርኛ ማዕረጉ ጽፈውታል፣ ስፒዲንም «ባሻ ፈለቀ» ብለውታል። ይህን የነገራቸው ስፒዲ መሆን አለበት። ከዚያ ምስሎቹ ለሽያጭ ቀረቡ። ካሜሮን ሥራቸውን ለባለቤትነት መብት የሚያስመዘግቡ፣ ቅጂውን የሚሸጡ ሴት ነበሩ፤ የቤተሰቡ ገንዘብ እየሳሳ ነበርና ለጨዋታ አልነበረም። በዚያው ደሴት ራይድ ከተማ ስቱዲዮ የነበራቸው ጃቤዝ ሂዩዝም ልጁንና ስፒዲን አንስተዋል። የቴዎድሮስ ልጅ ምስል በዚያ በጋ ተፈላጊ ዕቃ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በዚያው በ1868 የሳውዝ ኬንሲንግተን ሙዚየም ለካሜሮን ሁለት ክፍል ሰጥቷቸው የስቱዲዮ ሥራ ሠርተውበታል። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1869፣ ይኸው ሙዚየም ከመቅደላ የመጣ የእቴጌይቱን ቀሚስና ጌጣጌጥ ከመንግሥት ተቀበለ። በ1872 ደግሞ የወርቁ ዘውድ ገባ። ዛሬ ያ ሙዚየም ከዓለም ትላልቅ የካሜሮን ፎቶ ስብስቦች አንዱን ይዟል፤ የእናትየውንም ቀሚስ ይዟል። በ2018፣ የመቅደላ 150ኛ ዓመት ሲከበር፣ ዕቃዎቹን አሳይቶ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ትሪስትራም ሀንት ለኢትዮጵያ በረጅም ጊዜ ውሰት መስጠት ይቻላል ብለው የተናገሩት ያን ጊዜ ነው። ውሰት የሚለው ቃል አዲስ አበባ ላይ እንዴት እንደተሰማ መናገር አያስፈልግም።

ፎቶን በተመለከተ ኢትዮጵያ ራሷ ካሜራውን እስክትይዝ ብዙ ዓመት አልፏል። በ1871 ሪቻርድ ሊች ማዶክስ ደረቅ ሰሌዳ እንደሚቻል አሳዩ፣ እርጥቡ አሠራር በአሥር ዓመት ውስጥ እየቀረ ሄደ። ከዚያ በኋላ መስታወት ከሱቅ ተገዝቶ ለወራት ተቀምጦ ማንሳት ተቻለ። አዲስ አበባ ላይ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኑ፣ ሙያውንም ልጆቻቸው ወረሱት፤ የንጉሣውያኑን ምስል ለተከታታይ ዘመናት ያነሳው ይህ ቤተሰብ ነው። ያን ጊዜ የሚነሳው ሰው በራሱ ቤት፣ በራሱ ልብስ፣ ፎቶ አንሺውን አስጠርቶ ነው የተነሳው። ቅጂውም ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። ይህን ከፍሬሽዋተሩ ጋር አስተያይቶ ማየት ነው።

አለማየሁ ከስፒዲ ጋር ሕንድ ደርሶ ተመለሰ። ከዚያ መንግሥት ከስፒዲ ነጥሎ ወደ እንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ላከው፤ ቼልተንሃም፣ ረግቢ፣ በመጨረሻም ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት። አልሆነለትም። ኖቬምበር 14 ቀን 1879 ሊድስ አጠገብ ሄዲንግሊ በሳንባ ሕመም ሞተ። 18 ዓመቱ ነበር። በንግሥቲቱ ፈቃድ ዊንድሰር፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። ካሜሮን ከባላቸው ጋር ወደ ሴሎን የሄዱት በ1875 ነው። ከዚያ በኋላ ብዙም አላነሱም፤ ንጹሕ ውሃና ኬሚካል ማግኘት ከባድ ነበር። እርሳቸውም የሞቱት በዚያው በ1879፣ በጥር ወር ነው።

በ2007 የኢትዮጵያ መንግሥት አፅሙ እንዲመለስ በይፋ ጠየቀ። በ2023 የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት መልስ ለሕዝብ ሲወጣ፣ እርሱን ለማውጣት አጠገቡ የተቀበሩትን ማወክ ስለሚሆን አይቻልም የሚል ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የካፒቴን ስፒዲ ዘሮች በቤታቸው ሲጠብቁት የኖሩትን የአለማየሁ ፀጉር ጉንጉን ለኢትዮጵያ ለመመለስ አስረከቡ። የአባቱን ፀጉር ደግሞ የለንደኑ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ከአራት ዓመት በፊት፣ በ2019፣ መልሶ ነበር። የእናቱ ቀሚስ እስካሁን ሳውዝ ኬንሲንግተን ነው።